ባለ ቃጭሉ ክራንች

የግሮዝዳን ቅልጥም ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ። ከበሮ እየመታሁ፣ ሠላሳ ሰው ወገቡን በቃጭል ሞልቶ እየዘለለ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ሰማሁት። ደረቅ ማገዶ በጉልበት ሲሰበር ያለ ድምፅ ነው። ሰው ሁሉ «አላየንም፣ አልሰማንም» ይላል፤ ለፖሊስም እንደዚያው ነው ያልነው። እኔ ግን ሰምቻለሁ። የመታውንም አይቻለሁ፤ ቭላይቾ ነው፣ የታችኛው መንደር ሰው።

የኛ መንደር ግራቤቶ ከወንዙ በላይ ነው። የነሱ ሬካ ከወንዙ በታች። በመሃል አንዲት ጠባብ የድንጋይ ድልድይ አለች፣ ለሁለት መንደር ጠብ ግን ትበቃለች። በየዓመቱ ጥር ላይ፣ በድሮው አቆጣጠር አዲስ ዓመት ሲገባ፣ የሁለቱም መንደር ወንዶች ጭንብል አጥልቀን፣ የፍየል ቆዳ ለብሰን፣ ቃጭል ታጥቀን ክፉውን ሁሉ ከየቤቱ እናባርራለን። ሁለት ጭፍራ መንገድ ላይ ከተገናኘ ማንም ለማንም አይለቅም። የለቀቀ እንደሆነ አጎንብሶ በሌላው ዱላ ሥር ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ቀና ብሎ አይሄድም። ከድልድዩ አጠገብ ያለውን ጉብታ የጭንብለኞች መቃብር እንለዋለን። አንለቅም ብለው እዚያው የወደቁ አያቶቻችን ናቸው፤ ጭንብል እንዳጠለቀ የሞተ ሰው ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይገባም ነበርና መንገድ ዳር ቀሩ።

አሁን ከንቲባዎቹ ተስማምተው እኛ ጠዋት፣ እነሱ ከሰዓት እንድንሻገር ወስነዋል። ያን ዓመት ግን በረዶው አዘገየን። እነሱ ደግሞ ቸኮሉ። ድልድዩ መሃል ላይ ተገጣጠምን።

ጭንብል ያጠለቀ ሰው አይናገርም፣ ሕጉ ነው፤ ስለዚህ ስድብ እንኳ አልነበረም። በቀጥታ ወደ ሥራ ገባን። የነሱ ድብ፣ ድብ ሆኖ የለበሰው ሰውዬ ማለቴ ነው፣ በሰንሰለቱ የአናጢያችንን ሁለት ጥርስ አወለቀ። እኔን አንዱ በክርኑ አፍንጫዬን ብሎኝ ደሜ ከበሮው ቆዳ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ መምታቴን ግን አላቆምኩም፣ ከበሮ መቺ አያቆምም። መሪያችን ግሮዝዳን ቭላይቾን ቃጭሉን ጨምድዶ ይዞ ከድልድዩ ግንብ ጋር ሁለት ጊዜ አጋጨው። በሦስተኛው ቭላይቾ ከሥሩ ሾለከና በዱላው ቅልጥሙን አለው። ግሮዝዳን ወደቀ። ይህ እንኳን ይሁን፣ ጠብ ነው። ቭላይቾ ግን ደገመው። የወደቀውን ሰው፣ ያንኑ እግር፣ እንደገና መታው። እኔ የሰማሁት ያንን ሁለተኛውን ነው።

ስለ ግሮዝዳን ከተነሣ ሁሉንም ልንገራችሁ። አባቱ የቃጭል ጠፍር ይዞ ነበር የሚገርፈው፤ ጀርባው ላይ የዘለበቱ ምልክት አሁንም አለ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ድንጋይ ከሰል ማውጫ ገባ፣ በሃያ ዓመቱ የአለቃውን ጆሮ ነክሶ ወጣ። በገዛ ሠርጉ ቀን የሚስቱን ወንድም መንጋጋ ሰበረ፤ ምክንያቱን ሁለቱም ረስተውታል። ሚስቱ ዶብሪና የሞተች ቀን የሆስፒታሉን ግድግዳ በቡጢ መትቶ የገዛ እጁን ሰበረ። እኔንም መትቶኛል፣ ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ይገባኝ ነበር። በዚህ ምድር ላይ እጁን ያላነሣባት አንዲት ሰው ልጁ ራሊጻ ነበረች። እናቷ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ፀጉሯን የሚጎነጉንላት እሱ ነው፣ በነዚያ ጣቶቹ። ስትስቅ ያፍራል፣ ስታለቅስ ከቤት ይወጣል። ሃያ አራት ዓመት እስኪሞላት ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገባትም።

ከተማ ሆስፒታል ወስደን እግሩ ውስጥ ብረት አስገቡለት። ከዚያ ከጣቱ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ቦት ጫማ አጠለቁለት፤ ግራጫ ፕላስቲክ፣ በሚጣበቅ ማሰሪያ የሚጠፈር። ሁለት ክራንችም ሰጡት። ቦቱን አየና «ይሄ የሬሳ ጫማ ነው» አለ። ለራሊጻ «የጭንብል ሥራ ከረጢቴን አምጪልኝ» አላት። የመንደራችንን ጭንብሎች ግማሹን የሚሠራው እሱ ነው፣ ወስፌና ሰም የተቀባ ክር ከእጁ አይጠፋም።

ሚስማር በሻማ እያጋለ ፕላስቲኩን ዙሪያውን ቀዳዳው። በቀዳዳው ነጭ የፍየል ፀጉር ሰፋ፣ ከላይ ወደ ታች እየደረበ፣ ልክ እንደ ጭንብሉ። ክፉ ዓይን እንዲመልስ ትናንሽ መስታወት፣ ለደም ቀይ ሱፍ፣ ለጌጥ ዶቃ። ክራንቹ ላይ የአውራ ዶሮ ላባ አሰረ፣ ከእጀታው ሥር አንዳንድ ቃጭል አንጠለጠለ። እንደ በዓሉ ወግ ፈንዲሻ በክር ሰክቶ ማሰሪያው ላይ ጠመጠመ። በኋላ መንደር ሲመለስ ዶሮ ሁሉ እየተከተለ እግሩን ይለቅም ነበር።

«አጎቴ ግሮዝዳን!» አለች ዝድራቭካ፣ ነርሷ፣ መጀመሪያ ቀን ስታይ። «ይሄ እኮ የመንግሥት ንብረት ነው!»

«እግሬስ የማን ነው?»

«እሱንማ ዱላ ከማንሣትህ በፊት ብታስብ ኖሮ።»

ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ስንት ዘመኔ! በሳምንቱ ክፍሉ ሁሉ ለሱ ሥራ ሆነ። ዳሌያቸው የተሰበረ አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ ባለ አራት እግር መደገፊያቸውን ከእጀታው እስከ እግሩ በቀይ ሱፍ ሸመነላቸው፤ ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ እንደ ሙሽራ ይቆነኑ ነበር። የአውቶቡስ ሹፌሩ ዊልቸር ጎማ ላይ ላባ ሰካ፣ ሲሽከረከር የተቆጣ አውራ ዶሮ ይመስላል። «ያንተ እጅ ለካ ሌላም ነገር ይችላል?» አሉት አሮጊቷ። አንገቱን ደፋ። እኔም ሞኙ ሰውዬው በቃ ተገራ ብዬ ለሚስቴ ነገርኳት።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። ግሮዝዳን ቂሙን በዶቃ ሸፍኖት ነበር እንጂ አልጣለውም።

አጥንቱ አልገጥም አለ። መግል ቋጥሮ ሁለት ጊዜ እንደገና ከፈቱት። ሐኪሙን ምን ያህል ቀን እንደሚቀረው ሲጠይቀው እግሩን ሳይሆን ድልድዩን እያሰበ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። ኅዳር ላይ ከነቦቱ ቤቱ ገብቶ አስጠራኝ። መጋዘኑ ውስጥ አንዱን ክራንች በጭኖቹ መሃል ቆልፎ ይዟል። የጫፉን ጎማ ነቅሎታል፤ ውስጡ ባዶ ቱቦ ነው። አጠገቡ አውራ ጣት የሚያክል ፌሮ ብረት በልኩ ተቆርጦ ተጋድሟል።

«ያዝልኝ፣ ማኖል።»

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ቀለለኝ። ነፋስ ሊወስደው ነው።»

«ግሮዝዳን፣ ሰው ትገድላለህ።»

«ራሱን አልመታም። እግሩን ብቻ። ሁለት ጊዜ። እንደ አመታቱ።» ቀና ብሎ አየኝ። «አፍንጫህ ሲተነፍስ አሁንም ያፏጫል አይደል?»

ያዝኩለት። ፈርቼው አይደለም፣ ደስ ብሎኝ ነው የያዝኩለት፤ ውሸት አልወድም። ፌሮውን በመዶሻ ቀስ እያለ አስገባው፣ ጎማውን መለሰ፣ ላባውን አስተካከለ። ክራንቹ ከበፊቱ ይልቅ ያማረ ይመስል ነበር።

ቤት የምታጸዳው ግን ራሊጻ ነች። በሦስተኛው ቀን እኔም አረቄ ልቀምስ ተቀምጬ ሳለሁ ክራንቹን ከወለሉ አነሣችውና ቆም አለች። በግራ እጇ ሌላውን አነሣች። እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ አደረገቻቸው።

«አባባ፣ ይሄኛው ከብዷል።»

«ዶቃው ነው።»

«ዶቃ እንዲህ አይከብድም።»

እኔ ብርጭቆዬን አየሁ።

«ተኝተህ ጥርስህን ስታፋጭ እሰማሃለሁ» አለችው። «ስሙን ትጠራለህ። ብትሞት ወይ እስር ቤት ብትገባ እኔ ማን አለኝ? ንገረኝ። ማን አለኝ?»

«ወድቄ መታኝ፣ ራሊጻ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

«መንገድ ቢለቅልህስ? በክራንችህ ሥር ቢያልፍ?»

ከት ብሎ ሳቀ። «ቭላይቾ? የቭላይቾ ቃጭል በኔ ክራንች ሥር? ያን ቀን ይሄን ክራንች ለዶሮዎቹ ቆጥ አደርገዋለሁ፣ ቂምም የለኝም።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው። ማኖል ምስክሬ።»

እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ብርጭቆዬን ጨለጥኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ጋ በበዓሉ ቀን ሰው በፊቱ አይታወቅም፣ ፊቱ ተሸፍኗልና። የሚታወቀው በቃጭሉ ነው። ቃጭል ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው፤ ባለቤቱ በሕይወት እያለ ለወንድሙም አይዋስም። የቭላይቾ ደግሞ አንደኛው ስንጥቅ ነው፤ ሲንቀጠቀጥ እንደ ሽማግሌ ይስላል። ዓይኔን ጨፍኜ ከመቶ ሰው መሃል አወጣዋለሁ። ግሮዝዳንም እንደዚያው።

በዓሉ ደረሰ። ራሊጻ ዋዜማውን ጠዋት «በዓሉን አክስቴ ጋ እውላለሁ፣ ይሄን ጉድ ቆሜ አላይም» ብላ ወጣች። ግሮዝዳን ጠዋቱን ጭንብሉን አጥልቆ፣ ባለፀጉር ቦቱን ጎትቶ፣ በሁለቱ ክራንች እየነጠረ ከፊታችን ሄደ። ፀሐይ በረዶው ላይ ወጥታ የቦቱ መስታወቶች ዓይን ይወጉ ነበር። ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። እንሻገር ብለን በእጅ ብናሳየው ንቅንቅ አላለም። ፖሊሱ እንደ ልማዱ መጠጥ ቤቱ ገብቶ ቋሊማ እየበላ ነበር። እነሱን ጠበቅናቸው።

ቀትር ላይ መጡ። ማዶ ሲደርሱ ከበሯቸው ዝም አለ። ከመሃላቸው አንድ ጥቁር ቀንዳም ጭንብል ያጠለቀ ብቻውን ወጣና ወደኛ መራመድ ጀመረ። ያ ቃጭል ሳለ። እንደገና ሳለ። ግሮዝዳን ትከሻው ሲያብጥ ከኋላው አየሁ። እኔ ምን አደረግሁ? ከበሮዬን አጠነከርኩት። ክንዴ እስኪዝል ደበደብኩት፣ ደሙን ላፈላለት ብዬ።

አሥር እርምጃ ቀረው። አምስት። ግሮዝዳን ሁለቱን ክራንች ወደ ላይ አላነሣም፣ ቀላሉን ተደግፎ ከባዱን ወደ ኋላ ሳበ። ባለ ቀንዱ ፊቱ ቆመና አንገቱን ደፋ፣ ጎንበስ አለ። እኛ ሁላችን ሊዋጋ ነው ብለን አየነው፤ እንደ በግ፣ በቀንዱ ሆዱን ሊለው። ግሮዝዳን አስቀደመው። ክራንቹ በአየር ላይ ላባውን እያርገበገበ፣ ቃጭሉ እየጮኸ ወርዶ ቅልጥሙን አገኘው። ሰውዬው ተንጋለለ። ጭንብሉ ከድንጋዩ ጋር ተላተመና አንደኛው ቀንድ ተሰበረ። ክራንቹ እንደገና ተነሣ።

«አባባ!»

ከጭንብሉ ውስጥ ነው የወጣው። ክንዱ ግን መውረድ ጀምሮ ነበር። ፌሮ ብረት መሃል መንገድ ላይ አይመለስም። ያንን ድምፅ ለሁለተኛ ጊዜ ሰማሁት፣ በዚያው ድልድይ ላይ፣ በዚያው ከበሮ ላይ።

ከማዶ አንድ ሰው ራሱን ሳይሸፍን፣ ወገቡ ከቃጭል ባዶ፣ በረዶው ላይ እየተንሸራተተ ይሮጣል። ቭላይቾ ነው። «ልጅህ ናት! አንተ እብድ፣ ልጅህ ናት!» እያለ ነበር የሚመጣው፣ ከበሮዬ ውጦት ነው እንጂ። ዱላዬን ጣልኩ። ግሮዝዳን ተንበርክኮ፣ መንበርከክ በማይችለው እግሩ ተንበርክኮ፣ ጭንብሉን ከፊቷ ላይ ይጎትታል። ራሊጻ ከንፈሯን ነክሳ ደም በአገጯ ይወርዳል። የሱሪዋ ቅልጥም ላይ ነጭ ነገር ወጥቶ አየሁ፤ መጀመሪያ የፍየል ፀጉር መስሎኝ ነበር።

«ልታልፍልህ ነበር» አለ ቭላይቾ። ትንፋሽ አጥሮታል። «ለምናኝ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሬን አንኳኳች። 'ቃጭልህን ብቻ ስጠኝ፣ በክራንቹ ሥር አሳልፌው ልምጣ፣ ቃሉን ሰጥቶኛል' አለችኝ። እኔ ራሴ እንዳልመጣ ከለከለችኝ፤ 'ሳታጎነብስ ይገድልሃል' አለች።» የካፖርቱን ቁልፍ መፍታት ጀመረ። «የወደቀ ሰው መትቻለሁ፣ ግሮዝዳን። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የለኝም። ቃጭሉ ካንተ ጋ እንዲቀር ነበር የሰጠኋት።»

ቃጭል ደግሞ በበዓሉ ቀን በእጅ ተይዞ፣ በከረጢት ታፍኖ ድልድይ አይሻገርም። ሰው ወገብ ላይ ሆኖ እየጮኸ ነው የሚሻገረው፣ ቃጭል የታጠቀም ፊቱን ይሸፍናል፣ ፊቱን የሸፈነም አይናገርም። ልጅቷ ሕጋችንን አንድ በአንድ ጠብቃ ነበር የመጣችው።

ግሮዝዳን ክራንቹን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ቭላይቾ ገፋው። «ምታኝ!» አለ። «ምታኝ አልኩህ! ራሴን!» ድምፁ የሰው አይመስልም ነበር። ቭላይቾ ካፖርቱን አውልቆ ራሊጻ ላይ ጣለ። «እግሯን ያዝ» አለው። «ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ እንዳይነቃነቅ።» ሁለቱ ጠላቶች ጎን ለጎን ተንበርክከው አንድ እግር ያዙ። እኔ ቆሜ አለቀስኩ፤ ያንን ፌሮ የያዝኩ እኔ ነኝ።

ለፖሊሱ ራሊጻ ራሷ «በረዶ አንሸራተተኝ» አለችው። እኛም አላየንም፣ አልሰማንም አልን።

በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያው ፎቅ አስተኟት። ብረት አስገቡላት፣ ያንኑ ግራጫ ቦት አጠለቁላት። ግሮዝዳን ከረጢቱን ይዞ ከአልጋዋ አጠገብ ይቀመጣል፣ ማንም ሊያስነሣው አልቻለም። ዝድራቭካ ምኑንም አታውቅምና ገብታ አጨበጨበች።

«አጎቴ ግሮዝዳን፣ የልጅህንማ ከሁላችን አስበልጠህ ታስጌጠዋለህ! አሮጊቷ ያንተን መደገፊያ ይዘው ነው እኮ ልጃቸው ሠርግ ላይ የጨፈሩት።»

ወስፌውን አወጣ። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ክሩ አልገባ አለው። ቦቷን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ራሊጻ ዓይኗን ገለጠች።

«አትንካው።»

እጁን መለሰ።

«እንዲሁ ይሁን። ምንም አታድርግበት።» ቆይታ «ክራንችህን አምጣልኝ» አለች።

«አዲስ ሰጥተውሽ የለ። ቀላል ነው፣ ይሄው።»

«ያንተን ነው ያልኩት።»

«የትኛውን?»

«የከበደውን።»

«ፌሮውን ላውጣልሽ፣ ልጄ። ዛሬውኑ አወጣዋለሁ። ቃጭሉንም እፈታዋለሁ።»

«አንዱንም አትንካ አልኩህ» አለችው። ቁጣ አልነበረበትም። «ያለሱ መራመድ እስክችል በሱ ነው የምሄደው።»

መጋቢት ላይ መንደር ገባች። ዶሮዎቹ የሚለቅሙት ነገር የለም፣ ቦቷ እንደ ሰጧት ግራጫ ነው። ያንን ክራንች ይዛ ግቢውን ትዞራለች፣ ውኃ ልትቀዳ ትወጣለች፣ ክንዷ ወፍሯል። የቭላይቾ ቃጭሎች ግሮዝዳን ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፣ ማንም አልነካቸውም። ጎረቤቶች የሚስታቸውን፣ የእናታቸውን ክራንች ይዘው «እስቲ አሳምርልን» ብለው ይመጣሉ፤ «እጄ ታሟል» ብሎ ይመልሳቸዋል። እኔ ዘንድሮ ከበሮውን ለሌላ ሰጥቻለሁ።

ቤቴ ከቤታቸው ጋር ግድግዳ ይጋራል። ከሰዓት በኋላ ያ የክራንች ቃጭል ከአጥር በሩ ሲሰማ ግሮዝዳን ወንበሩን ሲገፋ እሰማለሁ። በአንድ እግሩ እየነጠረ ሄዶ በሩን ይከፍታል፣ ክራንቹን ሊቀበላት እጁን ይዘረጋል። «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» ትለዋለች። ክራንቹን ግን አትሰጠውም።